የኮሪሌሽን ደንብ አስፍቼ ጽፌ የከሰርኩበት ጉዳይ፤ ለጠያቂያችን መልስ

«በጄሚተር የቀረጽኩት ስክሪፕት በማግሥቱ አልሠራ ይለኛል፤ የሚለዋወጡትን ቶክኖች በደንብ አማካይነት በራሱ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ ይቻላል። ጄሚተር ብዙ ተጠቃሚ አስመስሎ የድረ ገጽን አቅም የሚፈትን ሶፍትዌር ነው፤ ቶክን ደግሞ ሰርቨሩ እየለዋወጠ የሚሰጠው መለያ ኮድ ነው፤ ያንን ኮድ ከምላሹ ይዞ በቀጣዩ ጥያቄ ላይ መተካት ኮሪሌሽን ይባላል። ጄሚተር ብቻውን ስለማይበቃ ብሌዝሜተር የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀውን ኮሪሌሽን ሪከርደር የተባለ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ይጫኑ። እኔም እዚህ ድሬዳዋ ለአንድ የጭነት ድርጅት የቦታ ማስያዣ ሥርዓት ስፈትን የተጠቀምኩት በዚሁ ነው፤ የእርስዎም ችግር ከእኔው የተለየ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ለኩኪ (ድረ ገጹ ብራውዘሩ ላይ ለሚያስቀምጠው መለያ) ደንብ አይጻፉ፤ ያንን የጄሚተሩ ኩኪ ማኔጀር ይሠራልዎታል። ሁለተኛ፣ በሁለት የተለያዩ ተጠቃሚዎች ሁለት ጊዜ ቀርጸው ያነጻጽሩ፤ ሆኖም ተለያይቶ ያገኙትን ሁሉ ደንብ አያውጡለት፤ ብራውዘሩ ራሱ የሚፈጥረው የሰዓት ቁጥር ከሰርቨሩ ምላሽ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝምና። ሦስተኛ፣ ደንብ ሁለት ጎን አለው፤ ዋጋው (ማለትም የሚለዋወጠው ኮድ ራሱ) ከየትኛው ምላሽ እንደሚወጣ፣ በየትኛውስ ጥያቄ ላይ እንደሚተካ። እኔን ለኪሳራ የዳረገኝ የፊተኛው ጎን ስለሆነ አንደኛ ሁለተኛ እያልኩ መቁጠሩን እዚህ ላይ ልተወውና እሱን ላጫውትዎ።

ደንቤ ቶክን የሚል ስም ያለውን ስውር መስክ (ተጠቃሚው የማያየውን የፎርም ክፍል) በየትኛውም ገጽ ፈልጎ መጀመሪያ ያገኘውን የሚይዝ ነበር። የማስያዣው ገጽ ግን ሁለት ፎርም ነበረው፤ ከላይ የመፈለጊያው፣ ከታች የማስያዣው፤ ሥርዓቱም ለየፎርሙ የተለያየ ቶክን ይሰጣል። 300 ምናባዊ ተጠቃሚዎቼ የመፈለጊያውን ቶክን ይዘው ለማስያዝ ሲሞክሩ ሰርቨሩ ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሳቸዋል፤ ጄሚተርም ተከትሎ ሄዶ 200 የሚል ኮድ («ተሳክቷል» ማለት ነው) ስለሚያገኝ ሁሉንም አረንጓዴ አድርጎ አሳየኝ። የምላሹን ይዘት የሚፈትሽ አሰርሽን አላስገባሁም ነበር። የመግቢያ ገጽ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሪፖርቱን ፈርሜ አስረከብኩ።

ሥርዓቱ ሥራ በጀመረበት ማለዳ ወደቀ። የቴክኖሎጂ ክፍሉ ኃላፊ በሠራተኞቻቸው ፊት አቁመው ሪፖርቴን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፤ የቀረውን ክፍያም ያዙብኝ። የትኞቹ መስኮች እንደሚለዋወጡ እንዲነግሩኝ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ስጠይቅ «የውስጥ ጉዳይ ነው» ብለው የመለሱኝ ግን እኚሁ ሰው ነበሩ!

ከዚያ በኋላ፣ ቀን ሙቀቱ ስለማያሠራ፣ ማታ ማታ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ደንቦቹን አንድ በአንድ መረመርኳቸው፤ ከ14ቱ የተረፉት 5 ብቻ ናቸው። የቶክኑ ደንብ ፍለጋውን ከማስያዣው ፎርም መክፈቻ እንዲጀምር አደረግሁ። ዋጋው ሲታጣ የሚገባውን ነባሪ ዋጋ «አልተገኘም» አልኩት፤ ይህ ቦታ ባዶ ከተተወ ጄሚተር ባለፈው ዙር የያዘውን ዋጋ ደግሞ ይልካልና ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀራል። የማስያዣ ቁጥር ያልመጣበት ምላሽ ሁሉ እንደ ውድቀት እንዲቆጠርም አሰርሽን ጨመርኩ። ማንም ሳይከፍለኝ በደገምኩት ፈተና ሥርዓቱ ገና በ80 ተጠቃሚ መንገዳገዱን አሳየሁ፤ የድርጅቱ ፕሮግራመሮችም የዳታቤዝ ግንኙነቶቹ ማለቃቸውን ያገኙት በዚያው ነው። ኃላፊው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።

እርስዎም ቶክኑ በገጽዎ ላይ ስንት ቦታ እንደሚገኝ ይቁጠሩና ከአንድ በላይ ከሆነ ዋጋውን ሸፍነው የምላሹን ቁራጭ እዚህ ይለጥፉልኝ፤ ደንቡን አብረን እንጽፈዋለን።