ተከታዮቻችን እኛው ነን

ጥያቄ፦ ማዕከላትና ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት የግብርና ቴክኖሎጂ ምርምር ጥምረት ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት እሠራለሁ። «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንስፋፋ» ተብሎ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ሊንክድኢን ከፈትን። ላይክ የሚያደርጉን ግን የራሳችን ባልደረቦች ናቸው። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ጨምሪ ተብያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዩቲዩቡ ይቆይ። መጀመሪያ የለጠፋችሁትን መለስ ብለሽ እዪው። የእንዲህ ዓይነት ተቋማት ገጽ ላይ ሁሌ የማየው አንድ ፎቶ ነው፤ ከኋላ ባነር፣ ከፊት የታሸገ ውሃ፣ መሃል ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች። ከሥሩ «ዐውደ ጥናቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ይላል። ይህን ከባልደረባ ሌላ ማን ላይክ ያድርገው?

«ለገበሬው ነው» እንዳትዪኝ። ብዙው ገበሬ የያዘው ተራ ስልክ ነው። ለእሱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነጻ የሚደወልበት 8028 የሚባል የግብርና ምክር መስመር አለ፤ ምክሩን በቋንቋው ያዳምጣል። እናንተ መያዝ ያለባችሁ ዲኤውን፣ ማለትም በቀበሌ ገበሬውን የሚያማክረውን የልማት ሠራተኛ ነው። ስማርት ስልክ ካለው ቴሌግራም አያጣም፤ ገበሬው ሲጨንቀው የሚሄደውም ወደ እሱ ነው።

እኔም አርሲ ውስጥ ዲኤ ነበርኩ። ገበሬው የስንዴ ቅጠል ቀጥፎ ይመጣል። በጣቱ ሲያሸው ቢጫ ዱቄት ይቀራል። «ይቺ ምንድን ናት?» ይላል። ያኔ ዐውደ ጥናት አይታየኝም፤ የማመሳክርበት ጥርት ያለ ፎቶ ነው የምፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ይኸው በሽታ፣ ቢጫ ዋግ፣ መታው። ብዙ ሰው ዲገሉ ወደሚባል ሌላ ዝርያ ዞረ። ዲገሉን ደግሞ በ2013 እና 2014 የግንድ ዋግ ፈጀው። ዋግ ቀን አይሰጥም፤ ኬሚካሉም የሚያዋጣው ገና ሲጀምር ከተረጨ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ የሚወጣ አንድ መልእክት የዓመቱን የባነር ፎቶ ሁሉ ያስንቃል።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ያዢ። ሁለት ፎቶ ከቅርብ አንሺ፣ አንዱ የታመመ፣ አንዱ ጤነኛ። አጠር ያለ የድምፅ መልእክት በአማርኛ፣ ሌላ በአፋን ኦሮሞ ጨምሪበት። የትኛው ዝርያ እንደተጠቃ፣ ምን እንደሚረጭ፣ ማን ጋ እንደሚደወል ይነገር። ፋይሉ ትንሽ ይሁን፤ ዳታ ውድ ነው።

ከባዱ ነገር ኮሜንቱ ነው። ተመራማሪው ያውቃል፣ ግን ያለ ደብዳቤ አይናገርም። «በኃላፊ በኩል ይምጣ» እየተባለ ሰብሉ ያልቃል! እዚህ ላይ ከአለቆችሽ ጋር ሙግት ግጠሚ። አንድ የሰብል በሽታ ባለሙያ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚመልስበት ሥልጣን ይሰጠው። ሪፖርት ሲጠይቁሽም ላይክ አትቁጠሪ፤ ስንት ዲኤ እንደጠየቀና ስንቱ መልስ እንዳገኘ ጻፊ።

ሊንክድኢኑን ግን አትዝጊው። ለጋሾቹ ያሉት እዚያ ነው። ባነሩን እዚያ ለጥፊላቸው።