ድብ አፈሙዝ አያውቅም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጎንደር ተቀምጦ ስለ ድብ መጻፍ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ከተማ የወጣ ልጅ ዛሬ የማይገኝበት አገር የለም፤ አንዱ አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ሌላው ኮሎራዶ ታክሲ ይነዳል። ባለፈው ሰሞን በስሜን ተራሮች ስላደረግሁት የእግር ጉዞ ጽፌ ነበርና፣ በዚያው ሰበብ ስለ አውሬና ስለ መሣሪያ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተከማቹብኝ። ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ የቀሩትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

«የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው አላስካ፣ አንኮሬጅ ነው። በሰኔና በሐምሌ ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ከመኪና መንገድ ርቀን ወንዝ ዳር እናድራለን። አካባቢው ቡናማ ድብ የሚበዛበት ነው። ሽጉጥ ልግዛ ብል አንዱ 44 ማግነም፣ ሌላው 10 ሚሊሜትር ግሎክ ይለኛል። አባቴ ቤት ምንሽር ተኩሻለሁ፤ ሽጉጥ ግን ይዤ አላውቅም። የቱን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እኛ አገር መሣሪያ ሥራውን የሚሠራው ከመተኮሱ በፊት ነው። ሰውየው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ብቅ ሲል ያየው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል፤ አንድም ጥይት ሳያወጣ ጉዳዩ አለቀ። ድብ ግን አፈሙዝ ምን እንደሆነ አያውቅም። ወገብህ ላይ ያንጠለጠልከው ሽጉጥ እርሱ ዘንድ ክብር የለውም። የሚቆጠርልህ አረሩ የገባበት ቦታ ብቻ ነው።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ቡናማ ድብ ሲሮጥ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ሠላሳ ሜትር ላይ ካለ ቁጥቋጦ ብድግ ብሎ ከመጣብህ ሁለት ሰከንድ ያህል አለህ፤ ለመደንገጥም፣ ለመምዘዝም፣ ለማነጣጠርም የተሰጠህ እርሷው ናት። አጎቴ ዳባት አካባቢ ባደረበት ሌሊት ጅብ በቅሎው ላይ መጣበት። ጥሩ ተኳሽ የሚባል ሰው ነበር። በሽጉጥ አራት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱን መሬት ጠጣው፣ አራተኛው በቅሎዋን አገኛት። ጅቡ በማግሥቱ ሌሊት ተመልሶ መጥቶ ሬሳዋን በላ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ጨለማውን እንደወቀሰ ኖረ፤ እኔ ግን ጥፋቱ የእጁ መንቀጥቀጥ ይመስለኛል።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። 44 ማግነም እ.ኤ.አ. በ1955 ወጥቶ ለረጅም ዘመን የድብ አገር ሽጉጥ ሲባል የሚታሰበው እርሱ ነበር። አብዛኛው ባለ ከበሮ ነው፤ ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ጥይት ቢከሽፍብህ ቃታውን ደግመህ ስትስብ ከበሮው ዞሮ ሌላውን ያቀርብልሃል፤ በጭንቅ ሰዓት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አረሩ ከባድ ስለሆነ አጥንት ሰብሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ክፋቱ መራገጡ ነው። የመጀመሪያውን ተኩሰህ ወደ ሰማይ የተነሣውን አፈሙዝ እስክትመልስ ድቡ ደርሷል። ከእርሱ የሚብሱም አሉ፤ 454 ካሱል የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 500 ማግነም። እነዚህን ከዕለት ዕለት የማይለማመድ ሰው ሲተኩሳቸው ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ከድቡ ይልቅ ለጓደኞቹ ያሰጋል።

10 ሚሊሜትሩ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣ ነው። ጉልበቱ ከ44 ያንሳል። ነገር ግን ይህን ጥይት የሚተኩሰው ግሎክ 20 የተባለው ሽጉጥ በካዝናው 15 ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን 900 ግራም አይሞላም፣ ርግጫውም የሚቻል ነው። ሽጉጥ ይዞ ለማያውቅ እጅ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ሁለተኛውን አረር በቦታው ማሳረፍ የሚያስችል ሽጉጥ፣ አንዱን ብቻ በኃይል ከሚተፋው ይሻላል።

ጥይቱን ስትመርጥ ለሰው ተብሎ የተሠራውን፣ አፉ ክፍት ሆኖ ሥጋ ሲነካ የሚሰፋውን ተወው፤ የድብን ስብና ጡንቻ ሳያልፍ ይቀራል። በጠንካራ እርሳስ የተሠራ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ቅርጹን ሳይለቅ የሚዘልቅ አረር ፈልግ። ገዝተህም ዝም ብለህ ጫካ አትግባ። አንዳንድ ሽጉጥ አንዳንዱን ጥይት አልውጥም ይላልና በራስህ መሣሪያ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ካዝና ሞክር። ደረትህ ላይ በሚታሰር አፎት ያዘው። ዓሣ አጥማጅ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ቀበቶ ላይ ያለ ሽጉጥ ይረጥባል፣ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደግሞ ቤት እንደቀረ ቁጠረው።

አሁን አንተ ያልጠየቅኸኝን ልጨምር። ቶም ስሚዝና ስቴፈን ሄሬሮ የተባሉ የድብ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የአላስካን የድብ ግጭቶች መዝግበው ሁለት ጥናት አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ድብን ለማባረር ስለሚረጨው የበርበሬ መርጫ ነው፤ በ83 አጋጣሚዎች ላይ ተመሥርቶ መርጫው ቡናማ ድብን 92 በመቶ ያህል እንዳስቆመ፣ መርጫ ይዘው ድብ ከቀረባቸው ሰዎች 98 በመቶው ሳይጎዱ እንደወጡ ያሳያል። በ2012 የወጣው 269 የመሣሪያ አጋጣሚዎችን አይቶ ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረጅም ጠመንጃ 76 በመቶ ተሳክቷል ይላል። የሽጉጡ ወገኖች ሁለተኛውን ጥናት ያነሣሉ፣ የመርጫው ወገኖች የመጀመሪያውን። በሁለቱ ጥናቶች የተመዘገቡት አጋጣሚዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አያስኬድም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ በሁለተኛው ጥናት መሣሪያ ይዘው ከተኮሱትና ካልተኮሱት መካከል በመጎዳት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ መርጫውን አስቀድመህ ግዛ፣ ሽጉጡን ከፈለግህ አስከትል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አላስካ ውስጥ ራስህን ለመከላከል ድብ ብትገድል ለመንግሥት ማሳወቅ፣ ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን አንሥተህ ማስረከብ ግዴታህ ነው። ዓሣውንና ምግቡን አዝረክርከህ ራስህ ድቡን ጠርተኸው ከተገኘህ ደግሞ «ራሴን ተከላከልሁ» ማለት አያድንህም።

«ይህ የድብ መርጫ የሚሉት በርበሬ ከሆነ፣ ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጬ በመርጫ ጠርሙስ ብይዝ ምን ይጎድለዋል? የምኖረው ሞንታና ነው፤ እናቴ በየዓመቱ ሁለት ኪሎ ትልክልኛለች።»

ሚጥሚጣውን ብላው። እናትህ ደክማ የቀመመችውን፣ ኮረሪማና ጨው የገባበትን ነገር ድብ ላይ መርጨት ነውር ነው።

ከነውሩ በላይ አይሠራም። የድብ መርጫ ከቃሪያ የወጣውን የሚያቃጥል ዘይት፣ ካፕሳይሲንና ወንድሞቹን፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይዞ በከፍተኛ ግፊት የታሸገ ነው። ስትጫነው ብናኙ እንደ ጭጋግ ሰፍቶ ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ይሄዳል፤ ድቡ ሲሮጥ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ያልፋል፣ ዓይኑና ሳንባው ይነዳል። የአንተ ጠርሙስ አንድ ክንድ ያህል ተፍታ ቀዳዳዋ በሚጥሚጣ ፍሬ ትደፈናለች።

ስትገዛም ጣሳው ላይ ለድብ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፎ እንደሆነ እይ፤ ለሰው መከላከያ የሚሸጠው ትንሹ አይበቃም። አውሮፕላን ውስጥ በእጅም በሻንጣም አይገባም፣ ስለዚህ ከደረስህ በኋላ ግዛው። ነፋስ ወደ አንተ ሲነፍስ የምትጠጣው ራስህ ነህ። ደግሞም አንዳንድ ሰው እንደ ወባ መከላከያ ድንኳኑን ይቀባዋል። እንዳታደርገው! መሬት ላይ የቀረው ሽታ ቡናማ ድብን ይጠራዋል፤ መጥቶ ይንከባለልበታል። ለካ እርሱም ዓይኑ ውስጥ ካልገባ ቅመም ይወዳል።

«ልጄ ኮሎራዶ ነው ያለው። ቆሻሻ መጣያቸው ጋ ድብ መጣ ብሎ ሽጉጥ ገዛ። ሁለት ሕፃናት ልጆች አሉት። እኔ እዚህ አራዳ ሰፈር ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። ድቡን ልፍራ ወይስ ሽጉጡን?»

እናታችን፣ ሽጉጡን ይፍሩ።

ኮሎራዶ ያለው ጥቁር ድብ ነው። ግሪዝሊ የሚባለው ታላቁ ቡናማ ድብ እዚያ ግዛት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጥቁር ድብ ዓይናፋር ነው፤ ወደ ቤት የሚያመጣው ሆዱ ብቻ ነው። የበረዶውን ወራት ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ይፈልጋል። ልጅዎ የበግ አጥንትና የዶሮ ወጥ ትራፊ ውጭ ካሳደረ ድቡ እንደ ማኅበርተኛ በየሳምንቱ ይመጣል። ቆሻሻውን መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ብቻ ያውጣ፣ መጣያውን ጋራዥ ውስጥ ያቆልፍበት፣ የመኪናውን በር ይቆልፍ። ድብ የመኪና በር ይከፍታል፤ ሲዘጋበት ነው ችግሩ።

ሽጉጡን በተመለከተ ስልክ ሲደውልልዎ የት እንዳስቀመጠው ይጠይቁት። «ቁም ሣጥን ላይ» ካለ ይቆጡት። የኮሎራዶ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ልጅ ሊደርስበት የሚችል መሣሪያ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ያዛል። የእናት ቁጣና ሕግ ከተባበሩ ይሰማል።

«የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ አለ? ከሌለ ስሙን ከየት አመጣነው?»

የለም፣ ልጄ። ዛሬ ከሰሐራ በስተ ደቡብ በዱር የሚኖር ድብ የለም። በሰሜን አፍሪካ፣ ሞሮኮና አልጄሪያ ውስጥ የአትላስ ድብ የሚባል ነበር፤ እርሱም በ19ኛው መቶ ዘመን ጠፋ።

ስሙን ግን በቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲነሣ ለሳኦል «አንበሳም ድብም ገድያለሁ» ይለዋል። በኤልሳዕ ላይ የተሳለቁትን 42 ልጆች የሰባበሯቸውም ሁለት እንስት ድቦች ናቸው። የጎንደር ሕፃን አውሬውን ሳያየው በፊት ከመሪጌታው አፍ ሰምቶ ይፈራዋል ማለት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ድብም ወደ እኛ ብቅ ቢል በዚህ ዝናው ከቁርበትም በላይ ምንጣፍ ይጠይቀን ነበር።

«ደባርቅ ነው የምኖረው፤ እንግዳ ይዤ ስሜን እወጣለሁ። ስካውቱ፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃ ይዞ አብሮን ይሄዳል። እኔም ለጅብና ለነብር የግሌን ሽጉጥ ብይዝ ምን ይመስልዎታል? እንግዶችስ አውሬ ቢመጣ ምን ላድርግ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

አትያዝ። ፓርኩ ውስጥ ተኩስ የሚያስፈልግበት ጊዜ ከመጣ ኃላፊነቱ የተሰጠው ሰው አጠገብህ አለ፤ ሁለተኛ ተኳሽ በጨለማ ድንኳን መካከል የሚጨምረው አደጋ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለዋሊያው፣ ለቀይ ቀበሮውና ለጭላዳው ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። አንዲት የተሳሳተች ጥይት ማንን እንደምታገኝ አታውቅም።

ነብሩን ተወው፤ እንግዶችህ ዕድለኛ ከሆኑ ኮቴውን ያያሉ። ሥራ ያለው ጅቡ ላይ ነው። ግጭ ወይም ጨነቅ ስታድሩ ሥጋና ትራፊ ከድንኳን አርቁ። በቅሎዎቹን ሰው ከተኛበት አጠገብ እሰሩ። ማንም ውጭ ሜዳ ላይ አይተኛ። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ አብርቶ፣ ቢቻል ሁለት ሆኖ ይውጣ። ጅብ ከመጣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መጮህ፣ ድንጋይ ማንሣት፣ ፊትን ሳያዞሩ ወደ ሰው መሸሽ ነው። የሮጠ ሰው ይሳደዳል።

አሜሪካኖቹን በተለይ አንድ ነገር አስጠንቅቃቸው። አገራቸው ቡናማ ድብ ደንግጦ ሲያጠቃ በሆድ ተኝቶ፣ እጅን ማጅራት ላይ አድርጎ የሞተ መምሰልን ይማራሉ። ለዚያ ድብ ትክክል ነው፤ ልጆቿን የምትጠብቅ እናት ድብ የማትሰጋበት መሆኑን ካየች ትተወዋለች። ጅብ ፊት ግን ሞቶ መተኛት ማዕድ ማቅረብ ነው።

ውሻም ይሁን ጅብ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ሐኪም አውርዱት። «ጉዞው ይጠናቀቅና» የሚል እንግዳ ካለ አትስማው፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

«ከአሜሪካ ለጥምቀት ልመጣ ነው። አባቴ መሣሪያ ይወዳሉ። አንድ 44 ማግነም በስጦታ ባመጣላቸው በጉምሩክ ያልፋል?»

አያልፍም፤ አንተም ጭምር ላታልፍ ትችላለህ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም መያዝንም ይከለክላል። አባትህም ቢሆኑ ጥይቱን ጎንደር ውስጥ ከየት ያገኙለታል? ጥሩ የእጅ ባትሪ አምጣላቸው፤ ድንጋይ ግዙልኝ የማይል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚሞላ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ እስከ አጥሩ ድረስ ያበሩበታል።