የመንገዱ ካርታ ለምን ሸሸ?

ጥያቄ፦ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የተላከልን የመንገድ ሼፕፋይል (ከበርካታ ፋይሎች የሚዋቀር የዲጂታል ካርታ ዳታ) በጂፒኤስ ከለካነው ወደ ደቡብ ምዕራብ 220 ሜትር ገደማ ይርቃል። የአማርኛ ስሞቹም ተበላሽተዋል። ካርታውን በእጄ ጎትቼ ቦታው ላይ ላሳርፈው?

መልስ፦ እባክዎ አይጎትቱት! ርቀቱና አቅጣጫው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ዳታው በአዲንዳን (በቀድሞው የአገራችን ካርታዎች የቦታ መለኪያ መነሻ) ተሠርቶ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት መነሻ) ተብሎ ተሰይሟል፤ አገራችን ውስጥ የሁለቱ ልዩነት ወደ ምሥራቅ 90፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል ነው። ይህን መነሻ የሚናገረው የፒአርጄ ፋይል ሳይላክ ሲቀር ተቀባዩ በግምት ይሰይማል፤ ስህተቱም ከቢሮ ቢሮ ይዛመታል።

በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) መጀመሪያ የሌየሩን (የካርታ ንብርብሩን) የመጋጠሚያ ሥርዓት መለያ ቁጥር ወደ 20137፣ ማለትም ወደ አዲንዳን፣ ያርሙ (ቦታዎ በዩቲኤም ዞን 37 ከሆነ)። ይህ ስያሜ ብቻ ነው፣ የነጥቦቹን የቦታ ቁጥሮች አይነካም። ቀጥሎ ወደ 32637፣ ማለትም ወደ ደብሊውጂኤስ 84፣ ኤክስፖርት ያድርጉ፤ የሽግግር ምርጫ ሲመጣ −165፣ −11፣ 206 ያለውን ይውሰዱ። ከዚያ በጂፒኤስ በለኩት ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ያመሳክሩ።

ስሞቹ እንግዳ የላቲን ፊደላት ከሆኑ ኢንኮዲንጉን (የፊደል አጻጻፍ ኮዱን) ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሳቸዋል። «????» ከሆኑ ግን ሲቀመጡ ጠፍተዋል፤ ዋናውን በጂኦፓኬጅ (በሌላ የካርታ ፋይል ዓይነት) እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። አንድ ፋይል ስለሆነ መለያውም ፊደሉም አብሮ ይመጣል፣ የዓምድ ስምም እንደ ሼፕፋይል በ10 ፊደል አይቆረጥም።