ማኅተምና ማተብ ዘመድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ለልጄ የልደት ካርድ ላወጣ ሄጄ ‹ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል› ተባልሁና ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ‹ማኅተምና ማተብ አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ምልክት ነው› አሉኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ግን እኒያ አባት አይፈረድባቸውም።

ማኅተም የግእዙ «ኀተመ» ልጅ ነው። በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። ነገሩ ቀለም መምታት ሳይሆን ማሸግ፣ መዝጋት ነው። ቤተ ክርስቲያን «በኅቱም ድንግልና» ስትል የምታስበው ይህንኑ የጥንቱን ትርጉም ነው። ዕብራይስጡ «ሖታም»፣ ዐረብኛው «ኻተም» ይላል፤ ዐረብኛው ቀለበትንም ይጨምራል። አማርኛ ግሡን ሲወርስ የጉሮሮውን ድምፅ ዋጠውና «አተመ» አለ፤ ከዚያ እትምም ማተሚያ ቤትም መጡ። ስሙ ግን ከነኅው ቀረ። ዛሬም «ማህተም አርግልኝ» እንላለን እንጂ ኅውን አንውጠውም።

ማተብ ሌላ ቤት ነው። በዐይኑ ዐ «ዐተበ»፣ በመስቀል ምልክት ባረከ ማለት ነው። ማዕተብ ነበር፤ ዕው ጠፋ። «አማተበ» ወንድሙ ነው። ጎንደር ላይ «በማተቤ!» ያለ ሰው የሚምለው በአንገቱ ክር ነው፤ የካደው ደግሞ «ማተብ የለሽ» ይባላል።

ታዲያ አዛውንቱን ምን አሳታቸው? ድምፁ ይቀራረባል፤ ነገሩም ይቀራረባል። ዘፍጥረት 38 ላይ ይሁዳ ለትዕማር መያዣ ሲሰጣት፣ ዕብራይስጡ ማኅተሙን፣ ክሩንና በትሩን ይቆጥራል። ያኔ ማኅተም በክር ይንጠለጠል ነበርና። መኃልየ መኃልይም «እንደ ማኅተም በልብህ» ሲል ደረት ላይ የሚያርፍ ነገር ማሰብ አይከብድም። አንገት ላይ የታሰረ ክር፣ የሰውየው ማንነት ያለበት! በሥር ባይዛመዱም በአንገት ተገናኝተዋል ልበል።

ማኅተም ዛሬ ከፊርማ ጋር ከግርጌ ያርፋል። በነገሥታቱ ደብዳቤ ግን ከራስጌ ነበር። የቋራው ቴዎድሮስም ማኅተማቸው ላይ አንበሳ አስቀርጸዋል።

ስምና ማዕረግ የሚመታበት ባለ አራት ማዕዘኑ «ቲተር» ከባዕድ አፍ የመጣ ነው፤ ከሁለቱም አይዛመድም። ጸሐፊዋ ጎማውን እፍ እፍ ብላ «ቲተሩ አለ፤ ክቡ ነው የሌለው» ካለችዎት፣ ያው ነገ ይመለሱ።