ሳማን ለሁዳዴ ማቆየት

እህቴ፣ «ከደብረ ብርሃን ያመጣሁት ሳማ ፍሪጅ ውስጥ በሁለት ቀን ጠቆረብኝ፤ ለሁዳዴ እንዴት ላቆየው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ታጥቦ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከሆነ ያበላሸው ውሃው ነው። ሰሞኑን የምታበስይውን አትጠቢው። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪው፤ ልትሠሪው ስትይ ታጥቢዋለሽ።

ለሁዳዴ ግን ወይ ፍሪዘር ነው ወይ ማድረቅ።

ፍሪዘር ከሆነ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይነከር። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በብርድ ይዘገያሉ እንጂ ሥራቸውን አያቆሙም፤ ጥሬውን ከከተትሽው ቀለሙም ጣዕሙም ቀስ እያለ ይሄዳል። የውጭ መመሪያዎች ለቅጠላ ቅጠል 2 ደቂቃ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እኔ 3 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺና በደንብ ጨምቂው። መለብለቡ ስለጠፋ ጓንት አያስፈልግሽም። ለአንድ ድስት የሚበቃውን ለየብቻ አየሩን አስወጥተሽ እሰሪ። 8 ወር ያለ ችግር ይቆያል።

እኔ የምመርጠው ማድረቁን ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሐሳብ የለብኝም። በጓንት ቀንበጡን እቀነጥስና ሰፌድ ላይ ሳልከምር አሳስቼ አሰጣዋለሁ። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት። ፀሐይ ላይ ከዋለ አረንጓዴው ይገረጣል፣ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠን ነገርም ይቀንሳል። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ቤት ይግባ። መድረሱን የምታውቂው በዘንጉ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከታጠፈ ገና ነው። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ጠርሙስ ውስጥ ከትተሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ እዪው። ጠርሙሱ ውስጡን ካላበው አውጥተሽ መልሰሽ አስጪው፣ አለዚያ ይሻግታል። ሲፈለግ አሽተሽ በወንፊት ትነፊና ሽሮው ሊወርድ ሲል ትጨምሪበታለሽ። ግሩም ነው!

አበባ ያወጣውን ተዪው፣ ይሻክራል። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርም አትልቀሚ፤ የአስፋልቱ አቧራና ጭስ ቅጠሉ ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ ሰው ከጥያቄሽ ሥር «ቀቅለሽ ዘይት ውስጥ ክተቺው፣ ውጭ ይቀመጣል» ብሎሻል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ዘይቱ አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይመቸዋል። መርዙ በማሽተትም በመቅመስም ላይታወቅ ይችላል፣ ሰው ይገድላል።