መልስ፦ ባክቴሪያው ወንዶቹን ብቻ የሚገድለው ለምንድነው?

ወንድሜ «ባክቴሪያ የነፍሳትን ወንድ ልጆች ገድሎ ሴቶቹን መተዉ ምን ይጠቅመዋል» ላልከው፣ ነገሩ ወዲህ ነው፣ ወልባኪያ የሚባለው ባክቴሪያ ሴል ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ደግሞ በእናት እንቁላል በኩል ነው፣ በስፐርም አይሄድም፣ ስለዚህ ወንድ ውስጥ ከገባ በቃ መጨረሻው እዛው ነው። ወንዶቹ ሲሞቱ ግን ምግቡ ያው ባክቴሪያ ላለባቸው እህቶቻቸው ይተርፋል፣ እንደውም ነጠብጣብ ያላቸው ቀያዮቹ ጢንዚዛዎች ሳይፈለፈል የሞተውን የወንድሞቻቸውን እንቁላል ይበሉታል (ጭካኔ ነው አይደል 😅)።

እኔን በጣም የገረመኝ ሳሞአ የሚባሉት የፓስፊክ ደሴቶች ላይ ያለ ቢራቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ100 ቢራቢሮ ወንዱ 1 ገደማ ብቻ ነበር፣ በ2006 ሲያዩት 40 አካባቢ ደርሷል፣ ባክቴሪያውን የሚቋቋም ጂን በ10 ትውልድ ውስጥ ተስፋፍቶ ማለት ነው፣ ዝግመተ ለውጥ እንዲህ በአይን ሲታይ ብዙ አይገጥምም።

ሁሌ ይገድላል ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ጥቃቅን ተርቦች ላይ ሴቷ ያለ ወንድ ሴት ብቻ እንድትወልድ ያደርጋል፣ አንቲባዮቲክ ስትሰጣት ወንድ መውለድ ትጀምራለች።

እኛንም ይመለከታል ደግሞ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ኦንኮሰርሲያሲስ፣ ያ ቆዳ የሚያሳክከውና አይን የሚያጠፋው በሽታ፣ የሚመጣው በትል ነው፣ ትሉ ራሱ ደግሞ ያለ ወልባኪያ መራባት አይችልም። ለዛ ነው ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ሲወሰድ ባክቴሪያው ሞቶ ሴቷ ትል የምትመክነው።