ሰንጢ ለመሥራት ለጓጓችሁ ልጆች

ሰሞኑን ሁለት ጎረምሶች አዳማ ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። «ጋሼ፣ በቤሪንግ የሚታጠፍ ሰንጢ አሠራሩን ያሳዩን» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ ቆሜያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ሰንጢ መሥራት ነው ሱሴ። ስለቱ በሚዞርበት ቦታ የሚገቡትን ትናንሽ የብረት ኳሶች እናንተ ቤሪንግ በሉት፤ ለኔ ኩሽኔታ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ አልለውጠውም።

የምነግራችሁ አያስደስታችሁም። የመጀመሪያውን ሰንጢ ያለ ኩሽኔታ ሥሩት። ከስለቱ ግራና ቀኝ ቀጭን የነሐስ ሮንዴላ፣ መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ቀለበት፣ ይበቃል። ስለቱ በጣት ሲነካ ተወርውሮ ሲከፈት በቪዲዮ አይታችሁ ጓጉታችኋል፣ ገባኝ። ኩሽኔታ ግን ሰበቃ ይቀንሳል እንጂ ስለቱ የሚዞርበትን ጠማማ ቀዳዳ አያቃናም። በእጅ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ ማዘንበሉ አይቀርም። ሮንዴላ ትንሽ ስህተት ይችላል፤ እየተፋተገ ይላመዳል። ኩሽኔታ አይላመድም፣ ያሳብቅባችኋል።

እኔ የመጀመሪያውን ባለ ኩሽኔታዬን በእልህ ነው የሠራሁት። ኳሶቹ 1.5 ሚሊ ሜትር ነበሩ። እጀታው ላይ ማረፊያቸውን 1.5 አድርጌ ቆፈርኩት፣ ልክ በልክ ነው ብዬ። ኳሶቹ ከጉድጓዱ አፍ ጋር እኩል ሆኑና ስለቱ የእጀታውን ግድግዳ እየፋቀ ተከፈተ። የስንት ዓመት ቶርኖ ሠራተኛ! ኳሱ ወጣ ማለት ነበረበት። 1.35 ብቆፍር ኖሮ በየጎኑ 0.15 ክፍተት ይቀር ነበር። ሰንጢው የሚዞረው በዚያች ክፍተት ነው። ግራና ቀኙም እኩል ይጥለቅ፤ አለዚያ ስለቱ ሲታጠፍ ወደ አንዱ ጎን ይጠጋል። ተራ መሰርሰሪያም አትጠቀሙ፣ ታቹን ያሾለዋል። ጠፍጣፋ ታች የሚያወጣ የፍሬዛ (የብረት መፈልፈያ ማሽን) ምላስ ነው የሚያስፈልገው። ማሽኑ ከሌላችሁ ያለው ሰው ጋ ሄዳችሁ አስቆፍሩ፣ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ሰንጢዬ ክፍተቱ ልክ ነበር። እጀታው አሉሚኒየም ነው፤ ኳሶቹን እላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ መወላገድ ጀመረ። ፈትቼ ሳየው ኳሶቹ ክብ መንገድ ቆፍረዋል። ታይታኒየምም ቢሆን ያው ነው። ከኳሱ ሥር በእሳት የጠነከረ ቀጭን የብረት ሮንዴላ መግባት አለበት።

ለስለቱ፣ የጅቡቲ መንገድ የሰበረው የከባድ መኪና ባልስትራ አዳማ ሞልቷል፤ ለመለማመጃ ይሆናል። የአሮጌ ኩሽኔታ ቀለበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፤ ግሩም ስለት ይወጣዋል። ቀዳዳውን ግን ስለቱን ከማጠንከራችሁ በፊት ብሱት። መነጽርም አድርጉ። ይኼን ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ኳስ ያለው ኩሽኔታ እኮ ከጋሪ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በ1794 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ቮን የሚባል የዌልስ ሰው ለጋሪ አክስል ብሎ በስሙ አስመዘገበው። የኛን የአዳማ ጋሪ ነጂዎች ኩሽኔታን ምን እንደሚገድለው ጠይቋቸው። አቧራ ይሏችኋል። የዚህ ከተማ ነፋስ ከበላያችን ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞር ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ አያመልጠውም። ስለዚህ ግራሶ አትለቅልቁት፣ አቧራ ይዞ ሞረድ ይሆናል። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ አድርቁት፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት። ሲፈታ ኳሶቹ እንዳይበተኑ ሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። እኔ አንዷን ስፈልግ ግማሽ ቀን ተንበርክኬ ውያለሁ።

አሁን ሦስተኛው ባለ ኩሽኔታዬ ጥሩ ይከፈታል። በየቅዳሜው እፈታዋለሁ። ኪሴ ውስጥ የምይዘው ግን ያ ባለ ነሐስ ሮንዴላው ነው፤ ብርቱካን የምልጥበት።